የላክኸው እንክብል

አሶሳ፣ አምባ አሥራ አራት
ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለጌትነት፤

የኔ ጌታ፣ እንዴት ሰነበትክ? ሪያድም ብርድ ገብቷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ደረትህን ሸፍን። እኛም ደህና ነን እንዳልልህ እጄ እምቢ አለኝ። ስትደውል አባትህ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ አጠገቤ ስለሚቀመጥ የልቤን አጫውቼህ አላውቅም። ስለዚህ ይህን ወረቀት ወደ አንተ ለሚመለሰው ለጓደኛህ ለእንዳለ እሰጠዋለሁ።

ያ እንክብል አላዳነውም፣ ልጄ።

መጀመሪያ ላይ ረድቶታል፤ ያንን አልክድም። ከጥቁር እንጨት ልጣጭ የተጨመቀ ነው ብለህ ስትነግረው ደስታውን አልቻለውም። «ወሎ ሳለን አባቴ ልጣጩን ቀቅሎ ይጠጣው የነበረው ዛፍ፣ ፈረንጅ አገር ደርሶ በብልቃጥ ታሽጎ መጣልኝ» እያለ ለመንደሩ ሁሉ አሳየ። ሌሊት ሽንት እያጣደፈ የሚያስነሳው ነገርም ቀነሰለት። ከዚያ ወዲህ ዕድር በተሰበሰበ ቁጥር ሽማግሌዎቹ ማንጎው ሥር ተቀምጠው «ትናንት ስንቴ ተነሳህ?» መባባል ሆነ ሥራቸው። አባትህ «አንዴም» ሲል ብታየው፣ አንተ ስትወለድ እንኳ እንዲያ አልኮራም።

ኅዳር ላይ ሽንቱ ጨርሶ ተዘጋ። እንዳልነግርህ የከለከለኝ እሱ ነው። ሆዱ ተነፍቶ እያቃሰተ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው፤ በቱቦ አወጡለት። ዶክተር ሠናይት የምትባል ልጅ እግር ሐኪም ደሙን አስመረመረች፤ ከሽንት ፊኛው ሥር ካለው ዕጢም ተቆንጥሮ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ሁለታችንንም አስቀምጣ፣ «አባባ፣ እንክብሉ ፕሮስቴት የሚባለው ይህ ዕጢ በዕድሜ ብቻ ያበጠበትን ሰው ሽንቱን ሊያቀልለት ይችል ይሆናል። እርስዎንም በራሱ ጎድቷል አልልም። የእርስዎ ሕመም ግን ካንሰር ነው፤ እንክብል አይመልሰውም። ቶሎ አዲስ አበባ ሄደው ሕክምና ይጀምሩ» አለችው።

አባትህ ከዚህ ሁሉ ይዞ የወጣው «ጎድቷል አልልም» ያለችውን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዕድር ብድግ ብሎ «ሐኪሟም መስክራለች» አለ። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሰማሁት። ምን ልበል? በሰው ፊት ባሌን ውሸታም ላድርገው?

ነገሩ በእሱ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። ጎረቤታችን ዐወድ እንደ አባትህ ሽንት ያስቸግረው ነበርና ተመርመር ተብሎ የተቀጠረበትን ቀን አባትህን አምኖ አሳለፈው። አጥሩ ላይ ጠብቄ «አንተ እንኳ ሄደህ ታይ» ብዬ ስመክረው፣ አማርኛው ስላልጠራለት እንደ ልማዱ እኔንም አንተ እያለ፣ «እታለም፣ አንተ አትፍራ። ባልህ በቃሉ ድኗል አይደል? እኔም በሱ መድኃኒት ይድናል፣ ወላሂ» ብሎኝ እየሳቀ ሄደ። የአባትህን የንስሐ አባት ደግሞ እንዲመክሩልኝ እያለቀስኩ ብለምናቸው፣ ሰምተው ሰምተው ሲያበቁ ለራሳቸው አንድ ብልቃጥ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። እንግዲህ ወደ ማን ልሂድ?

አሁን ወገቡን ያንሰፈስፈዋል። ጆንያ ስላነሳሁ ነው ይለኛል፤ ጆንያ ካነሳ ግን ዓመት አልፎታል። ሱሪው እየወለቀበት በገመድ ያስረዋል። አዲስ አበባ እንሂድ ስለው «እኔ ተኝቼ ከታከምኩ እነዚህ ሰዎች ምን ይሉኛል?» ይላል። ሰው ለመንደር ወሬ ብሎ ይሞታል? እኔ እንጃ፣ ተናድጄም አልቅሼም አልሆነልኝም። ባለፈው ብቻዬን ሄጄ ሐኪሟን ብጠይቃት፣ ጨርሶ ባይድንም ሕመሙን የሚያስታግስና ዕድሜ የሚሰጥ ሕክምና አለ፣ ግን ጊዜው እየሄደ ነው አለችኝ።

አንተን እየወቀስኩህ አይደለም፤ ለአባትህ አስበህ ነው የላክኸው። ብቻ ደውልለት። እንክብሉ ከአንተ ስለመጣ ነው እንደ ጠበል ያመነው። አንተው «ተወውና ታከም» በለው። እኔን አይሰማም፣ አንተን ይሰማል።

እዚህ ላይ ስደርስ አባትህ ገባና ምን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ጨነቀኝና «እንክብሉ እያለቀ ስለሆነ እንዲልክልህ ነው» አልኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ፣

«ለእነ ዐወድ ይላክላቸው» አለኝ። «ለእኔ ይቅር። እሱ ራሱ ይምጣ በይው። ከፋሲካ በፊት።»

ከሄድክ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ና ብሎህ አያውቅም። ሥራውን እንዳያጣ እያለ ና እንዳልልህ እኔን ሲከለክለኝ የኖረ ሰው ነው። ቀና ብዬ ሳየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጌትነት፣ ስልኩን ተወውና ና። አንተ እጁን ይዘኸው የአዲስ አበባ መኪና ላይ ይወጣ ይሆናል።

የአሠሪዎችህን ልብ ያራራልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ፤ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

እናትህ እታለም