የግራው ስፒከር

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2008

ለአበልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? ቤተሰቡስ? ቡራዩ ሰሞኑን ግርግር ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ብቀየምህም ሰላም አድርጎ ያቆይህ ብያለሁ። የክርስትና ልጅህ ፀደንያ ጉልበትህን ትስማለች። እኔ ተመስገን፣ ከእንቅልፍ በቀር የጎደለኝ የለም።

ለሟቿ ባለቤቴ ለአሰጋሽ አርባ መዝሙሯን ላሰማ ብዬ፣ የሚያጓራውን አምፕሊፋየር ከሳጥኗ ካገኘሁት ካሴት ጋር እንድትሠራልኝ አመጣሁልህ። ማጓራቱን አጥፍተህ፣ «ግራው ግን ተቃጥሏል፣ ዕቃው አገር ውስጥ የለም» ብለህ መለስክልኝ። አመንኩህ። ዓመት ሙሉ አሰጋሽን በአንድ ስፒከር ሰማኋት።

ባለፈው ሳምንት ጭራሽ ዝም አለ። በማስተር ፕላኑ ጣጣ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ስለነበር፣ አንተ ዘንድ መምጣት አልቻልኩም። እዚሁ ኦቦ ከሊፋ ዘንድ ወሰድኩት። ፊውዝ ቀየረና ወደ ውስጥ አየት አድርጎ ሳቀ። «ግራውን ማን ነው የነካው? ይሄ እኮ አልተቃጠለም፤ ሽቦው በፒንሳ ተቆርጧል!» አለኝ። ሽቦውን ቀጠለልኝ። ቤት ገብቼ ካሴቷን ብከፍታት ግራውም ተናገረ።

በሕይወት ሳለች ሱቅህ ውስጥ መዝሙሯን ስትቀዳት፣ መዝሙሩ አልቆ የቀኙን ማይክ ስትነቅል፣ የግራው መቅዳቱን አላቆመም ለካ! «ሐኪሙ አይድንም ብሎኛል፤ እሱ ካወቀ ሊያሳክመኝ ቤቷን ይሸጣታል። ልጄን ሜዳ ላይ አልጥልም። በአቦ ይዤሃለሁ፣ እንዳትነግረው» ትልሃለች። አንተም «እሺ» ትላለህ። እኔ ሰባት ወር ሙሉ ብርድ ነው እያልኩ ዝንጅብል አፈላላት ነበር!

ንስሐ አባቴ ይቅር በለው አሉኝ። እሺ ብዬ ደጀ ሰላሙን ሳላልፍ ሐሳቤን ቀየርኩ። አቦ ያዋርድህ ዘንድ ጥላ ተስያለሁ። ጥር አምስት ፅዋው ያንተ ተራ ነው። መንገዱ ባይከፈት በእግሬ፣ አምፕሊፋየሩን ተሸክሜ እመጣለሁ። ማኅበርተኛው ሁሉ «እሺ» ስትል ይስማህ።

ከእሺታህ በኋላ በር ላይ አንድ ሰው ይጣራል። «አንቺ ሴትዮ፣ ቶሎ በይ! ሁልጊዜ ደከመኝ፣ ሁልጊዜ ደከመኝ! የሰበታው ታክሲ ሊያመልጠን ነው» ይላል። እሷም ሳቅ ብላ «መጣሁ ጌታዬ» ትለዋለች። እዚያ ሳይደርስ አጠፋዋለሁ። በፅዋውም ቀን እዚያ ሳይደርስ አጠፋዋለሁ።

እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅ፤ ለእኔም ልብ ይስጠኝ። በሩ ላይ የተጣራው ማን እንደሆነ ግን ለማንም እንዳትነግር። በአቦ ይዤሃለሁ።

አበልጅህ፣
የፀደንያ አባት