«የኔ ነው» እስኪል ድረስ

ጥር 6

መጋረጃ አጠብኩ። ውሃው እስኪጠራ ጊዜ ወሰደ። አሰጣሁት። ነፋስ ስለነበር የማድ ቤቱን በር በድንጋዩ ያዝኩት... ባለቤቴ ከጉድጓድ ያመጣው፣ የቀንድ አውጣ ቅርጽ የታተመበት ድንጋይ። የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ከምድር ሆድ ያወጣውን ሁሉ ቤት ካላስገባሁ ይል ነበር። ሁሉንም ጣልኩ። ይሄ ብቻ ቀረ፣ ሥራ ስላገኘሁለት።

አመሻሹ ላይ ትልቋ ልጄ ከትምህርት ቤት መጣች። ሾርባ ቀዳሁላት። አንዴ ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«እማዬ፣ ጨው ሁለቴ ጨመርሽበት እንዴ?»

«እኔ ምንም አልታወቀኝም።»

ጠጣችው፣ ውሃ በላይ በላዩ እየጨመረች። እኔም ሳህኔን ጨረስኩ። እውነትም ምንም አልታወቀኝም። ባለቤቴን በኅዳር ከቀበርን ወዲህ አፌ እንዲሁ ነው... ካርቶን። ሐኪሙ «ሐዘን ነው፣ ይለቅዎታል» አለ። ሐዘን ቢሆን አላለቅስም ነበር? ቀብሩ ላይ ታናሹ ልጄ ሲሰብክ ፊቴ የቆመችው ሴትዮ የኮቷ ቁልፍ ላልቶ ነበር። ሊወድቅ ነው፣ ሊወድቅ ነው እያልኩ እሱን ሳይ አለቀ።

ትልቋ የምትነግረኝ ነገር ነበራት። የምታስተምረው በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ነው፣ ሥነ ሕይወት። ወላጆች ከስሰዋታል። ሕይወት ያለው ሁሉ በረጅም ዘመን እየተለወጠ መጣ የሚለውን ምዕራፍ አስተማረች ብለው። መጽሐፉ ላይ ያለ ምዕራፍ ነው። አንዱ አባት «ልጄን ከዝንጀሮ ወለደችብኝ» ብሏል አሉ።

«ሊያስወጡኝ ነው፣ እማዬ።»

«ወንድምሽስ ምን አለ?»

ሳህኗን ገፋች። ታናሹ የቤተ ክርስቲያኑ ሰባኪ ነው። በትምህርት ቤቱ ቦርድም ይቀመጣል። ከቀብሩ ወዲህ አይነጋገሩም። እሱ «ሞት ጠላት ነው» ብሎ ሰበከ። እሷ በሩ ላይ ጠብቃ «ሞት ተፈጥሮ ነው፣ ሐዘንተኛ አታስፈራራ» አለችው። በቃ። ይሄው ነው።

ጥር 9

መጋረጃው ደረቀ። ሰቀልኩት። ቀኑ አለፈ።

ጥር 11

ጠመኔ መጣ። የቦርዱ ሰብሳቢ ነው፣ ጸጉሩም ሸብቷል። ለእኔ ግን ጠመኔ ነው። አንደኛ ክፍል ሳስተምረው የምጽፍበት እየጠፋ ያስቸግረኝ ነበር... ለካ እሱ ይበላው ኖሯል። አፉ ዙሪያ ነጭ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ መጥቼ ነበር።»

«መጥተህ ነበር ወይስ መጥተሃል?»

«...መጥቻለሁ።»

ወላጆች ባሉበት ክርክር ሊደረግ ነው። ትልቋ በአንድ ወገን፣ ወንድሟ በሌላ። ከዚያ ቦርዱ ትቆይ ወይም ትሂድ ብሎ ይወስናል። ክርክሩን እንድመራ እኔን ፈለጉ።

«ሁለቱም ልጆችዎ ናቸው፣ አያዳሉም።»

«ሌላ ሰው አጣችሁ?»

«እውነቱን ልንገርዎ? አዳራሹን ዝም የሚያሰኝ ሌላ ሰው የለም። ግማሹ ወላጅ የእርስዎን ማስመሪያ ቀምሷል።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ «እርስዎስ ራስዎ የትኛውን ይላሉ?» አለኝ።

«እኔ ደወል ነኝ። ደወል የትኛውንም አይልም።»

እሺ አልኩት፤ እንደ ድሮው በእኔ ሕግ ከሆነ ብቻ።

«የትኛው ሕግ?»

«ረሳኸው?»

አፉን በእጁ አበሰ። አልረሳም።

ጥር 14

ታናሹ መጣ። እህቱ የማትመጣበትን ቀን ያውቃል። ጫማውን አወለቀ፣ የአባቱን ወንበር አየ፣ ሌላኛው ላይ ተቀመጠ። ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ። ስለ መድኃኒቴ ጠየቀኝ... ከዚያ ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ።

«እማዬ፣ ያንን ድንጋይ ለክርክሩ ቀን ትሰጪኛለሽ?»

«ምን ሊሆንህ?»

«የባሕር ቀንድ አውጣ እኮ ነው። ባሕር በሌለበት አገር፣ ከመሬት በታች። ምድር ሁሉ በውሃ ተሸፍና እንደነበር ሰው በዓይኑ ይየው።»

«በሩን ምን ሊይዘው ነው?»

«እማዬ...»

«ይላተማል። አልወድም።»

ጥር 15

ትልቋ መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ...

«እማዬ፣ ድንጋዩን ልውሰደው? ለአንድ ቀን። ይሄ ቀንድ አውጣ እኮ ዛሬ የለም፣ ዘመዶቹ ናቸው ያሉት። ስንት ዘመን ደለል እንደተከመረበት ሰው በዓይኑ ይየው።»

በዓይኑ ይየው። ያው ቃል። አንድ ጡት የጠቡ ናቸው እኮ...

«በሩ ይላተማል» አልኳት።

ልጆች ሆነው አባታቸውን ያደርቁት ነበር። አባዬ፣ ቀንድ አውጣው እንዴት እዚያ ገባ? ድንጋዩን ያገላብጠውና «እኔ የማውቀው ከዚህ በታች ውሃ እንደነበር ነው» ይላቸዋል። ሳይጸልይ ቁፋሮ አይጀምርም። ከጸለየ በኋላ ደግሞ አፈሩን በጣቱ አሽቶ ያሸተዋል። የትኛው ነው ውሃውን የሚያወጣልህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ለምን አልጠየቅኩትም? አሁን ማንን ልጠይቅ?

ጥር 19

ሳስተምር የምደውላትን የእጅ ደወል ፈለግኩ። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አገኘኋት፣ ምላሷ ዝጎ። ዘይት ቀባኋት።

ተማሪ ሳለን ሕጉን ያስተማረችን የድሮ ዳይሬክተራችን ናት። ድምጿ ከፍ ብሎ አያውቅም፤ ከፍ ማድረግም አያስፈልጋትም ነበር። የሌላውን ሐሳብ መልሰሽ ለራሱ ትነግሪዋለሽ። «የኔ ነው» እስኪል ድረስ። እስከዚያ የራስሽን መልስ አታወጪም። ማሳነስ የለም፣ ማጣመም የለም። ያልቻለች ትቆማለች። አንድ ቀን ከደወል እስከ ምሳ ቆሜያለሁ። «የኔ አይደለም» እያለች ያቆመችኝን ልጅ ጠላኋት። በኋላ ሳስበው እሷ ልክ ነበረች። ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል... ከአሰማምም ነው።

ምሳ በላሁ። ምን እንደነበር አላስታውስም።

ጥር 23

ክርክሩ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። መስኮቶቹ ዝግ፣ የሰው ትንፋሽ። ትልቋ ግራጫ ሹራብ፣ ታናሹ ጥቁር ኮት። አይተያዩም። ሕጉን ተናገርኩ። ደወል መታሁ።

እሷ ጀመረች። ክፍል እንደምታስተምረው፣ ረጋ ብላ። ጨረሰች። አሁን እሱ የእሷን መመለስ አለበት።

«እንግዲህ መምህርቷ የምትለን፣ ሰው ከዝንጀሮ መጣ፣ ፈጣሪ የለም ነው።»

«የኔ አይደለም።»

ሳቅ። ከኋላ አንዱ «ታዲያ የማን ነው፣ የዝንጀሮዋ?» አለ። ድምፁን አወቅኩት። ማባዛት ሳይገባው የወጣ ነው።

«ዝንጀሮም የራሷን ሳታይ በሌላው ትስቃለች። ቁጭ በል!»

ቁጭ አለ። የልጆች አባት፣ ሆዱ የወጣ ሰው።

ታናሹ ደግሞ ሞከረ። «ሁሉም ነገር በአጋጣሚ ሆነ ነው የምትለው።»

«የኔ አይደለም።»

«እማዬ፣ እንደዚህ እኮ—»

«እዚህ እማዬ የምትባል የለችም። ቀጥል።»

አልሆነለትም። ተራውን አዞርኩት። እሱ የራሱን ተናገረ፣ እሷ ልትመልስ ተነሳች።

«ሰባኪው የሚለው፣ ዓለም በስድስት ቀን ተሠራች፣ የሚጠይቅ ከሓዲ ነው ነው።»

«የኔ አይደለም። አልሰማሽኝም።»

«ሰምቼሃለሁ።»

«አልሰማሽኝም እልሻለሁ!»

እንዲህ እንዲህ እያለ... ሰው ማሳል ጀመረ፣ መውጣት ጀመረ። አንድ ሽማግሌ «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» እያሉ ባርኔጣቸውን አነሱ። ጠመኔ ሰዓቱን አሳየኝ። ያላየሁ መሰልኩ።

አዳራሹ ሲሳሳ ታናሹ ኮቱን አወለቀ። ጥያቄ ጠየቃት። ከመጣ ጀምሮ ገና አሁን ጠየቃት። «እሺ፣ አጋጣሚ ካልሆነ ምንድን ነው?» መለሰችለት። ደግሞ ጠየቀ። ደግሞ መለሰች። ከዚያ ወለሉን እያየ፣ ቀስ ብሎ...

«እታለም የምትለው...»

ልጅ ሆኖ የሚጠራት ነው። ከአፉ እንደወጣ እሱም ያወቀ አልመሰለኝም።

«እታለም የምትለው፣ ሕይወት ያለው ሁሉ ዘመድ ነው። ልጅ ከወላጁ በጥቂቱ ይለያል። ልዩነቱ የጠቀመው ይኖራል፣ ይወልዳል፣ ያወርሳል። ዘመኑ ደግሞ እኛ ከምናስበው በላይ ረጅም ነው፤ ጥቂቱ በጥቂቱ ላይ ሲደራረብ ብዙ ይሆናል። ይሄንን ከአጥንትም ከድንጋይም አይተናል ትላለች። እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም... እሱ የእሷ ትምህርት ጥያቄ አይደለም። የለም አላለችም። የታየውን እንደታየ ለልጆች ካልነገርኩ ዋሸሁ ነው የምትለው።»

ትልቋ ከንፈሯን ነከሰች።

«የኔ ነው።»

ተራዋ ደረሰ። የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ቆመች።

«ወንድሜ የሚለው... ስለ ቀን ብዛት አይደለም። ሰው ታስቦበት፣ ተወዶ፣ በፈጣሪው አምሳል ካልተሠራ፣ ደካማውን ማን ያስከብረዋል ነው የሚለው። ደግሞ... ስለ ሞት ነው። ሞት ከመጀመሪያው የነበረ ከሆነ፣ እኛን የቀረጸን እሱ ከሆነ፣ የአባታችን መሞት ትክክል ነው ማለት ነው። ወንድሜ፣ ትክክል አይደለም ነው የሚለው። ሞት የቤት ሰው አይደለም፣ ከውጭ የገባ ጠላት ነው ነው የሚለው። ቀብሩም ላይ ያለው ይሄንኑ ነበር። እኔ ማስፈራራት መስሎኝ... አልሰማሁትም ነበር።»

ታናሹ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። «የኔ ነው» ሲል ድምፅ አልወጣውም። ከንፈሩን አይቼ ነው ያወቅኩት።

አሁን የየራሳቸውን መልስ መስጠት ይችሉ ነበር። ማንም አልሰጠም። ደወል መምታት ነበረብኝ። እጄ ላይ ነበረች... አልመታኋትም። በመጨረሻ ጠመኔ ተነስቶ «እንግዲህ እንበተን» አለ።

ምን ተሰማኝ? ጣቴ ቀዝቅዞ ነበር። ሌላ ምንም።

ጥር 24

ዝናብ። ከአልጋ አልወረድኩም።

ትክክል አይደለም ነው የሚለው... አለች።

ጥር 30

ጠመኔ መጣ። ቁጭ በል ብለው እምቢ አለ።

«እትዬ፣ ልጅዎ ጉድ ሠራን!»

«የትኛው?»

«ሰባኪው ነዋ!»

ቦርዱ ትልቋን ለማሰናበት ወስኖ ኖሯል። ታናሹ አይሆንም ቢልም በድምፅ በልጠውታል። ትናንት ወላጆችን ሰብስበው ውሳኔውን እሱ እንዲያነብ አዘዙት። ወንድሟ ካነበበው ማንም አያጉረመርምም ብለው። ምክንያቱ አንድ መስመር ነው፤ «ፈጣሪ የለም ብላ በማስተማሯ»።

«ተነሳ። ስሟን አነበበ። ማዕረጓን አነበበ። ከዚያ ዝም! አንብብ እንጂ ስለው፣ ምን ቢል ጥሩ ነው?»

«ምን አለ?»

«‹ይሄ የእሷ አይደለም።› ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ‹ተሳስታለች ብላችሁ ጻፉ፣ አነባለሁ፤ እኔም ተሳስታለች ነው የምለው። ያላላችውን ግን አላነብም።› ሰው ሁሉ እያየ፣ እትዬ!»

«ታዲያ ተሳስታለች ብላችሁ አትጽፉም?»

«እንዴት ብለን? መጽሐፉን የገዛነው እኛው!»

ሳቅ የሚመጣበት ቦታ እንደሆነ ገባኝ። አልመጣም።

እስከ ዓመቱ ማብቂያ ታስተምር ተብሏል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን እሱም አያውቅም። ባርኔጣውን እያሽከረከረ ቆመ።

«ጥፋቱ የእርስዎ ሕግ ነው።»

«አንተም ተምረኸዋል።»

«ተምሬው ነበር።»

«ተምረኸው ነበር ወይስ ተምረኸዋል?»

ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። እርምጃው ልክ እንደ አንደኛ ክፍሉ፣ ተረከዙን እየጎተተ።

የካቲት 4

ሁለቱም መጡ። አብረው አይደለም። እሷ ቀድማ ነበር። እሱ በር ላይ ጫማዋን አይቶ ቆመ፤ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ የራሱን አውልቆ አጠገቡ አደረገ።

ሾርባ ቀዳሁ። ማንም ስለ ቦርዱ አላነሳም። ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። ከዚያ...

«እማዬ፣ ያ ምዕራፍ ሰኞ ነው። ድንጋዩን ለክፍሌ ልወስደው?»

«ውሰጂው፣ ብቻ እማዬ ትፍቀድልሽ» አለ ታናሹ። «ግን የጥፋት ውሃ ነው የሚሉም አሉ ብለሽ ንገሪያቸው።»

«አንዱ ጎርፍ ያንን ሁሉ ንብርብር ደለል እንዴት አድርጎ—»

«አንድ ጎርፍ ብቻ መቼ አልኩ? የኔ አይደለም!»

«እሺ በል እንጂ፣ ያንተን ተናገር እንጂ!»

እሱ ተነስቶ ድንጋዩን ሊያሳያት ከበሩ ሥር አነሳው። እሷ «እዚህ ጋ እይ፣ እዚህ ጋ» እያለች ከእጁ ሳበችው። በእናታቸው ቤት፣ በዚህ ዕድሜያቸው... ነፋሱ መጣ። በሩ ድው!

«መልሱት!»

ማን ጮኸ? እኔ ነኝ። ዳይሬክተራችን ብትሰማኝ... ሁለቱም እንደ ሕፃን ደነገጡ። መለሱት። ተቀመጡ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ።

ጉሮሮዬን ላረጥብ ከሾርባው አንድ ማንኪያ ጎረስኩ። ጨው። ምላስ የሚላጥ ጨው! ማንኪያውን ጣልኩት።

«ይሄን ነው የምትበሉት? ጨው በጨው እኮ ነው!»

ተያዩ። ዛሬ መጀመሪያ የተያዩት ያኔ ነው።

«ለምደነዋል እማዬ» አለ ታናሹ።

ለካ... ትልቋ አንዴ ጠይቃኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማናቸውም ትንፍሽ አላሉም። እሷ በሷ ቀን፣ እሱ በሱ ቀን እየመጡ ይሄን ሲውጡ ከርመዋል። አባታቸው ቢኖር አንዴ ቀምሶ «ሴትዮ፣ ባሕሩን አስገባሽው እንዴ?» ይለኝ ነበር። ይለኝ ነበር። ወንበሩን አየሁት። ባዶ ነው። እንባዬ ሳህኑ ውስጥ ወረደ፣ ጨው በጨው ላይ። ትልቋ ልትነሳ ስትል ታናሹ ክንዷን ያዛት። ተዉኝ።

የቀንድ አውጣውን ነገር እኔ አላውቅም። እነሱ ይጨቃጨቁበት፣ ሰኞም ይውሰዱት፤ ለበሩ ሽብልቅ ይቆረጥልኛል።

የእሱ መሞት ግን... ትክክል አይደለም።

ይሄ የኔ ነው።