ኦቹዶ እግሩን ያጣበት ጉድጓድ

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለመቅደላዊት፣

በአካል ባላይሽም ጤናሽን ከእናትሽ እሰማለሁ። እኛ ደህና ነን። ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው።

ለሥራ ልምምድ እኔ ድሮ እንደሠራሁበት ያለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ጉድጓድ እንደተመደብሽ ነገርሽኝ፤ «አባዬ፣ ውስጡ ምን ይመስላል?» ብለሽም ጠየቅሽኝ። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ጀምሬ ተውኩት።

ጨለማው ይለመዳል፤ መብራት ግንባርሽ ላይ አለ። የሚያስቸግረው ውሃውና አየሩ ነው። ፓምፕ ከቆመ ውሃው ወዲያው ጉልበት ይደርሳል። አየሩ ሲከብድ መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ቀጥሎ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ጣሪያው ነው።

ባሮ ዳር መረብ የሚጠግነው ኦቹዶ እግሩን ያጣው በመኪና አደጋ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ከሰል ጉድጓዱ ውስጥ አብረን ነበር የምንሠራው፤ እኔ ጣሪያውን በእንጨት የሚደግፉት ሠራተኞች አለቃ ነበርኩ። የቆየው እንጨት የሚቀየርበት ቀን አልፎ አዲሱ ገና አልመጣም ነበር። ያን ቀን ጠዋት ኦቹዶ ጆሮውን እንጨቱ ላይ አድርጎ፣

«ጋሽ አሸብር፣ እንጨት ይጮሃል። ዛሬ ሰው አይገባም» አለኝ።

«ሁሌም ይጮሃል። እስከ ምሳ ይዘልቃል፤ ግባ» አልኩት።

ገባ። አራት ሰዓት ላይ እኔ ስለ ፓምፑ ልነጋገር እንደወጣሁ ጣሪያው ወረደ። ለአምስት ሰዓት ቆፈርን። ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነው። በሕይወት አገኘነው፤ ግራ እግሩ ግን ከግንድ ሥር ነበር፤ ሐኪም ቤት ተቆረጠ።

መርማሪ መጣ። «ከመውደቁ በፊት ምልክት ነበረ?» ሲለኝ «የለም» አልኩት። ኦቹዶንም ጠየቀው። አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር። ኦቹዶ ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ፣ «ምንም አልሰማሁም» አለ። ለምን እንዲህ እንዳለ አልጠየቅኩትም። ወደ ጉድጓዱም አልተመለስኩም።

አንቺ ነገ ሰው የምታዢ መሐንዲስ ትሆኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ይህን ከማሸጌ በፊት ትናንት ባሮ ዳር ወርጄ ለኦቹዶ አነበብኩለት። መርፌውን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«አሁን እውነት ሆነ። ላክላት» አለኝ።

ጎኑ ተቀምጬ እስኪመሽ መረቡን ያዝኩለት።

እመብርሃን በገባሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ፤ በሰላም አውጥታ ለእናትሽ ታብቃሽ።

አባትሽ
አሸብር