የማያውቀን ነገር

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ደረጃ መውጣቱ ቀለል አለሽ? አባዬ መድኃኒቱን ይውጣል ወይስ ዛሬም ትራስ ሥር እየደበቀ ያስቸግርሻል? እኔ ደህና ነኝ። እንደ ባለፈው ለማስመሰል አይደለም፤ እህል መቅመስ ጀምሬአለሁ፣ እንቅልፍም ይወስደኛል።

ባለፈው ደውለሽ "ምን ሆነሽ ነው ጽንሱ የወረደብሽ? ከባድ ነገር አንስተሽ ነው? ወይስ የሰው ዓይን ነው?" ስትዪኝ ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠሁት። ሐኪሟ "ምክንያት የለውም፤ አንዳንዴ እንዲሁ ይሆናል" ነው ያለችኝ። ምነው ጥፋተኛ በተገኘ አልኩ፤ ቢያንስ የምረግመው አላጣም ነበር።

ሥራ ስመለስ የጠበቀኝ ደግሞ የወጣት ደራስያን የአስፈሪ ልቦለዶች መድበል ነው፤ አንቺ "ሰው ማስደንገጥም ሥራ ሆኖ?" የምትዪው። አለቃዬ፣ በመነጽሩ ትልቅነት ጉጉት የምንለው ሽማግሌ፣ "ከከበደሽ ሌላ ሰው ያርመው" ቢለኝም እምቢ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

አንቺ በነገርሽን ተረት መንፈሱ ሁልጊዜ ቂም አለው። ተበድሏል፤ ካሳውን ሲያገኝ ይሄዳል። በነዚህኞቹ ግን የሚመጣው ነገር ከከዋክብት ወዲያ ያለ፣ መልክ የሌለው፣ ስፋቱ የማይገመት ነው። ሰው ይጮሃል፣ ይለምናል፤ እሱ ሰው መኖሩንም አያውቅም። ልጆቹ ይህን ከየት አመጡት ብዬ ጉጉትን ብጠይቀው፣ "የቆየ ፍርሃት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ አንዳንድ ደራስያን የጠፈሩን ስፋት አይተው ደነገጡ። የዛሬዎቹ ያንኑ ድንጋጤ ወደ ሳሎን አስገቡት፤ ወደ ሆስፒታል ኮሪደር፣ ወደ ባልና ሚስት አልጋ። የድሮዎቹ ሰውዬው ሲያብድ ታሪኩን ይዘጉታል፤ የዛሬዎቹ በማግስቱ እንዴት እንደሚኖር ይጠይቃሉ" አለኝ።

ከታሪኮቹ አንዱን ቤት ይዤው ሄድኩ። የባልና ሚስት መኝታ ቤት ማንም ሳይነካው በየቀኑ እየሰፋ ይሄዳል። ግድግዳው ይርቃል፤ አልጋና መስኮቱ ይራራቃሉ። ባልየው ለሚስቱ ውሃ ለማድረስ ዛሬ ከትናንት የረዘመ መንገድ ይሄዳል። ግን ይሄዳል።

እሑድ ከሰዓት ባለቤቴ የጎረቤት ካውያ ፈታትቶ ሲጠግን "እስቲ አንብቢልኝ" አለኝ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ ስለ ልጁ አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ሳነብለት መፍቻውን አስቀመጠ። "ያንን ነገር ምን በድለውት ነው?" አለ። ምንም አልኩት። "ይጠላቸዋል?" አለ። አያውቃቸውም አልኩት። "እንግዲያ እኛንም አያውቀንም። አንቺም ምንም አላደረግሽም፣ እኔም ምንም አላደረግሁም" ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እማዬ፣ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ለካ ልጁን ባጣን ቀን ከቤት በመውጣቱ ራሱን ሲከስ ከርሟል! እኔ ደግሞ ዝምታውን እኔን እንደ መውቀስ ቆጥሬው ነበር። እስኪወጣልን ተቃቅፈን አለቀስን። ካውያው እንደተፈታ አደረ።

እህቴ እንደነገረችኝ አንቺም "አጠገቧ ብሆን ኖሮ" እያልሽ ነው። አንቺም ምንም አላደረግሽም እናቴ። ብቻሽን አትብሰልሰዪብኝ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ለፍላፊዋን እህቴን ናፍቀሽኛል በዪልኝ፤ ወሬሽ ሳይቀር ናፍቆኛል በዪያት። ሹፌሩን ወንድሜን ቀስ ብለህ ንዳ፣ የሚጠብቁህ አሉ በዪው። አክስቴ ጸሎቷን አታቋርጥብኝ። ባለቤቴ ግንባርሽን ስሞሻል። ላጣነው ልጃችን ስም አውጥተንለታል፤ ስትመጪ በጆሮሽ እነግርሻለሁ።

ልጅሽ

መስኮቱ ወደ መንገድ ከሚያየው ክፍላችን፣
ጥቅምት ፲፪ ቀን