የሁለት ሐኪሞች ክርክርና የኔ ጉሮሮ

ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
ባሉበት

ቀን፦ ጥቅምት 14

ጉዳዩ፦ ክርክሩ ሳይቋጭ ጉሮሮዬ እንዳይቆረጥ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

1. እኔ አመልካች በመናኸሪያ የአውቶቡስ መስመር እየጠራሁ ቤተሰቤን የማስተዳድር ሰው ነኝ። ድምፄ ሻክሮ አልለቅ ሲለኝ ወደ ሆስፒታልዎ መጣሁ። ከድምፅ ጅማቴ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ እስኪታወቅ እንዳልናገር ታዘዝኩ።

2. ትእዛዙን አክብሬአለሁ። ቤታችን መጥተው አድረው የማያውቁት አማቴም ወሬውን ሰምተው ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። ለባለቤቴ፣ "ልጄ፣ ለካ እዚህ ቤት ወፍ ይሰማል" አሏት። መመለስ ስለማልችል ራሴን ነቀነቅኩ።

3. ናሙናዬን በማይክሮስኮፕ ያዩት የናሙና ምርመራ ክፍሉ ኃላፊ "የሕዋሱ መዛባት ከባድ ነው፤ ጅማቱ ይቆረጥ" ብለው ጻፉ። በዚያው ክፍል የሚሠሩት ወጣቷ ሐኪም ግን የቀረውን ናሙና ሳይቆርጥ ሙሉውን በሚያነሳ አዲስ መሣሪያ አይተው እኔንም ጠሩኝ። ኮምፒውተሩ ላይ የጉሮሮዬ ቁራጭ ተራራ አክሎ ይሽከረከራል። "በስሱ የተቆረጠውን ብቻ ማየት በአንድ ቁራሽ ስለ ዳቦው ሁሉ እንደመፍረድ ነው። በሰያፍ ከተቆረጠ ደግሞ ቀላሉም ከባድ ይመስላል። ይሄ ሙሉውን ከላይም ከጎንም ያሳያል፤ ኮምፒውተሩም የሕዋሶቹን ቅርጽ ለክቶ ደረጃ ያወጣል" አሉኝ። ደረጃው "ቀላል፣ ክትትል ይበቃዋል" የሚል ሆነ።

4. ኃላፊው "ማሽን አይፈርምም" አሉ። ወጣቷ ሐኪም "እርስዎ ይፈርማሉ፤ መጀመሪያ ግን ይዩት" ቢሏቸው፣ "እኔ ሲኒማ አልገባም" ብለው ወጡ። መሀላቸው ተቀምጬ ጉሮሮው የኔ መሆኑን እንኳ መናገር አልቻልኩም። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ የፊታችን ሐሙስ ነው።

5. ቤት ገብቼ ነገሩን በጽሑፍ ለባለቤቴ አስረዳኋት። አንብባ ስትጨርስ "ጸጥታውን አልጠላሁትም፤ ለዘላለም ግን አላልኩም" ብላ እናቷ ፊት አለቀሰች። ይህን የምጽፍበትን ወረቀት ያመጡልኝ አማቴ ናቸው። "ግድ የለም፣ ይጩህ" ብለዋል።

ስለዚህ ሁለቱ ሐኪሞች ከሐሙስ በፊት አብረው ተቀምጠው፣ ምስሉን አይተው፣ አንድ ደረጃ ፈርመው እንዲሰጡኝ ያዝዙልኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ። ከባድ ነው ካሉ እቀበላለሁ፤ ፈርቼ አልሸሽም። ጉሮሮዬ ለበሽታ ይቆረጥ እንጂ ለክርክር አይቆረጥብኝ።

ስልክ ቢያስደውሉልኝ የምታነሳው ባለቤቴ ናት።

ድምፅ ቢያጣም አክብሮት ካልጎደለው ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የመናኸሪያው ጠሪ