ማደጋችንን እንድናቆም ላዘዙን ኃላፊ

ለተከበሩ የማኅበራት ፈቃድና ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት ፎቅ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎም፣ ወገብዎም፣ ዓይንና ጆሮዎም ደህና እንደሆኑ አምናለሁ፤ አንዳቸው እንኳ ቢያምዎ ኖሮ ያቺን ደብዳቤ አይጽፏትም ነበርና። እኔ በሙያዬ ልብስ ሰፊ፣ በምርጫ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ደግሞ እግሮቼ የማይታዘዙልኝ ሴት ነኝ። «ማኅበሩ ከተፈቀደለት መጠን በላይ አድጎ ስለተገኘ፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ አባላቱን ወደ ሠላሳ እንዲቀንስ፣ አዲስ አባል መመዝገብ እንዲያቆምና ወርክሾፑን እንዲዘጋ» ሲሉ የጻፉልን ደርሶናል። ሰው ሰርቆ ተገኘ ሲባል እንጂ አድጎ ተገኘ ሲባል ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ቋንቋችንን ስላበለጸጉልን በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ቀሪዎቹን ምስጋናዎቼን እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ልማድ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ጥፋታችንን እናምናለን፤ አድገናል። ስንነሳ በወንድሜ ቤት በረንዳ ላይ ሦስት ሰዎች ነበርን፦ እኔ፣ ማሽን አንድ እግሩን የወሰደበት፣ ሰፈሩ ሁሉ «ፍም» የሚለው በያጅ፣ እና መስማት የተሳነው አናጢ። በእርዳታ ያገኘሁት ዊልቸር ለሆስፒታል ወለል የተሠራ ስለነበር የመንገዳችንን ኮረኮንች አንድ ወር እንኳ አልቻለውም። ፍም የፊት ጎማዎቹን ቆርጦ ጥሎ በቦታቸው አንድ የብስክሌት ጎማ በየደበት፤ አናጢው መቀመጫውን ሠራ፤ እኔም ትራሱን ሰፋሁ። በማግስቱ ብቻዬን ክር ልገዛ ሄድኩ። ባለሱቁ ከኋላዬ አንገቱን አስግጎ «ማን ገፍቶ አመጣሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሁለት እጆቼን አነሳሁና አሳየሁት። በዚያው ሳምንት «ለእኔም»፣ «ለእናቴም» የሚሉ ሰዎች በረንዳውን ሞሉት። ወንድሜ፣ ታጋሽ ሰው ነው፣ ስድስት ወር ችሎን «እኅቴ፣ ወይ እኔ ልውጣ ወይ ወንበሮቹ ይውጡ» አለኝና ሥራ ፈቶ የቆመ መጋዘን ራሱ ፈልጎ አገኘልን። ዛሬ እዚያ መጋዘን ውስጥ የብየዳ፣ የእንጨትና የስፌት ክፍል አለን፤ የምልክት ቋንቋም እናስተምራለን። መቶ አሥራ ሁለት አባላት ነን። ይህን ሁሉ ስንሠራ እንዳናድግ የሚጠብቀን ሰው አለመቅጠራችን በእርግጥ ቸልተኝነት ነው።

ሁለተኛ፦ ባለፈው ዓመት ካሜራ አስከትለው ሊጎበኙን በመጡ ጊዜ፣ የልብስ ቅድ ኃላፊያችንን መቀስ በእጇ እንደያዘች፣ ሳይጠይቋት፣ ከጀርባዋ መጥተው ዊልቸሯን እየገፉ ወደ ግቢው ስላወጧት ምስጋናዬ ወደር የለውም። ፎቶው ግሩም ነው፤ እርስዎ ፈገግ ብለዋል፣ እሷ መቀሱን ጨብጣለች። ጠጠሩ መሃል ትተዋት ወደ መኪናዎ ሲሄዱ ግን ፎቶ አንሺው ካሜራውን አጥፍቶ ስለነበር ያ ክፍል ለታሪክ አልቀረም። እነሆ እኔ ጻፍኩት።

ሦስተኛ፦ «በአካል ቀርበው ያስረዱ» ብለው ስለጠሩኝ አመሰግናለሁ። እኔም ያለኝን አካል ይዤ ቀረብኩ። ቢሮዎ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነና ሊፍት እንደሌለው ያወቅሁት በር ላይ ነው። ጥበቃው ሰው እንዲያወርድልኝ ብለምነው ወጥቶ ተመለሰና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «አሠራሩ አይፈቅድም፣ ይውጡ ነው የሚሉት፤ እኔ ምን ላድርግ እናቴ» አለኝ። ስለዚህ ወንበሬን ለእሱ አደራ ሰጥቼ፣ ጀርባዬን ወደ ደረጃው አዙሬ፣ በመዳፎቼ እየተደገፍኩ፣ አንድ በአንድ፣ ሰባ ስምንት ደረጃ ወጣሁ። ሠራተኞችዎ ጨዋዎች ናቸው፤ አንደኛው በላዬ ሲሻገር «ይቅርታ» ብሎኛል። ቀሚሴ ተቀደደ፣ መዳፌ ተላጠ፤ ስደርስ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ይምጡ» አለችኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የስብሰባውን ተሳታፊዎች ለማየት ታድያለሁ፤ እርስዎና ጋዜጣዎ ነበራችሁ። ለመውረድ የወሰደብኝን ጊዜ አልነግርዎትም። ብቻ ስወርድ አላለቀስኩም፤ ማልቀስ ያማረኝ ጥበቃው ወንበሬን በራሱ መሐረብ ወልውሎ ሲጠብቀኝ ሳይ ነው።

አራተኛ፦ ይህኛው ምስጋና ከበድ ይላል። ደብዳቤዎ በደረሰን በአምስተኛው ቀን አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ልጅቱ ከመርዘሟ የተነሳ እግሮቿ ከእናቷ ጉልበት በታች ወርደው ይወዛወዛሉ። እናትየዋ ሁለት ሰዓት ሙሉ በእግሯ ተጉዛለች። እኔም፣ ይፍረዱብኝ፣ ፈራሁ። ማኅበሩን በአንዲት ልጅ ምክንያት ላስዘጋው ነው ብዬ ፈራሁና «እኅቴ፣ አዲስ ሰው እንዳንመዘግብ ታዘናል» አልኳት፤ እንድታምነኝም ደብዳቤዎን ከራስጌው እስከ ማኅተሙ አነበብኩላት። ሳነብ ድምፄ የእርስዎን ድምፅ መምሰሉ ለራሴ ተሰማኝ። እናትየዋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ያለ ቁጣ፣ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ገባኝ። እናንተ ማደግ ከተከለከላችሁ እንግዲህ ኃላፊው ለእሷም አንድ ደብዳቤ ይጻፉላትና ማደጓን ታቁምልኝ። ወገቤ አልቻላትም» አለች።

ልጅቱ ከጀርባ ብቅ አለችና «ቀይ ቀለም አላችሁ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ክቡርነትዎ፣ መቶ አሥራ ሦስተኛ አድርጌ መዘገብኳት። ፍም ወንበሯን በስድስት ቀን አደረሰላት፤ ቀይ ነው። ፍሬሙ በብሎን የሚረዝም ስለሆነ አጥንቷ በረዘመ ቁጥር እየፈታን እናስረዝመዋለን። ይህም ማደግ ነውና ይመዝገብብን። መጀመሪያ በተቀመጠችበት ቀን ከግድግዳ ጋር ሁለት ጊዜ ተጋጨች፤ እናቷ ልትረዳት ስትነሳ «ተይኝ» አለቻት። እናትየዋ ተመልሳ ተቀመጠችና እጆቿን የት እንደምታሳርፋቸው ጠፋት።

ትናንት የሰጡን ሠላሳ ቀን አለቀ። ከትናንት በስቲያ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተን ትእዛዝዎን አነበብን፤ ሰማንያ ሦስት ሰው መቀነስ ስላለበት በፈቃዱ የሚወጣ እጁን ያውጣ አልን። አንድም እጅ አልወጣም። ሁለት እጆቹን በኤሌክትሪክ አደጋ ያጣ አባላችን ዝምታዬ በስህተት እንዳይተረጎምብኝ ብሎ ከተቀመጠበት ተነስቶ «እኔም አልወጣም፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» አለ። ተይዟል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የማሳውቅዎት ይህን ነው፤ አንቀንስም። ወርክሾፑ ዛሬ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተከፍቷል፣ ይህን ስጽፍ ከግድግዳው ማዶ የብየዳው ድምፅ ይሰማኛል፣ በር ላይ ሦስት አዲስ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ቅጽ እየሞላን ነው። አሻጊ ከላኩብንም አንከለክለውም፤ በሩ ሰፊ ነው፣ ይግባ። የሚያሽገው ግን መቶ አሥራ ሦስታችን ውስጥ እንዳለን ነው። መነጋገር ከፈለጉ እኛ መሬት ላይ ነን፤ መውረድ ለእርስዎ አይከብድዎትም።

እግሮችዎ እንደ ታዘዙልዎት፣ ወንበርዎም እንደ ለሰለሰልዎት እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያለ ፈቃድ ያደግነውን በመወከል፣ ከማይቀንስ አክብሮት ጋር፣

ልብስ ሰፊዋ ሊቀመንበር

ማስታወሻ፦ መስማት የተሳናቸው አባሎቻችን ለሚያነጋግሩት ሰው ሁሉ ከጠባዩ ተነስተው የምልክት ስም ያወጣሉ። ለእርስዎም አውጥተዋል፤ ዓይንን ጨፍኖ የገዛ መዳፍን በቡጢ ማተም ነው። ከጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ሠራተኞች በምልክት ቋንቋ ትምህርታችን ላይ ስለተመዘገቡ፣ ከእንግዲህ በኮሪደሩ ሲያልፉ ቢጠሩዎት እንዲያውቁት ብዬ ነው።