“ይገልብጥ” ያልሽ ዕለት

መካነ ሰላም፤ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

«ለአቶ አሻግሬ ዋለ፤ የባለተሳቢ ገልባጭ መኪና አሽከርካሪ። ጉዳዩ፦ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት። እርስዎ በቂ ምክንያት ሳይኖርዎት በማራገፊያ ቦታ ላይ ተሽከርካሪውን ለረጅም ጊዜ በማቆም የዕለት ምልልስ እንዲጓደል እያደረጉ መሆኑ ከስምሪት መከታተያው ተረጋግጧል። ድርጊቱ ቢደገም ድርጅቱ ተሽከርካሪውን ለሌላ አሽከርካሪ የሚያስረክብ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን። ሄለን አሻግሬ፤ የስምሪት ክፍል ኃላፊ።»

ለልጄ ለሄለን፤

ከላይ ያለውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። አንድም ፊደል አልጨመርኩም፤ አልቀነስኩም። ስሜ ሁለት ጊዜ ሰፍሮበታል፤ አንዴ ከላይ እንደ ጥፋተኛ፣ አንዴ ከታች ከስምሽ ቀጥሎ። ወረቀቱን ያመጣልኝ ፎርማናችን ንጉሡ ነው። እንደ መርዶ ነጋሪ መሬት መሬቱን እያየ ሰጥቶኝ ሄደ።

እንደምን ሰነበትሽ? ይህን ማስቀደም ነበረብኝ። እኔ ከመኪናው ከወረድኩ ወዲህ ቤት ነኝ። እናትሽ የትምወርቅ በጤናዋ ደኅና ናት፤ ከእኔ ጋር ግን አትነጋገርም። ምሳዬን አቅርባ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ለፋሲካ ትመጫለሽ ብላ የገዛችው አውራ ዶሮ አልታረደም። ጎህ ሲቀድ ይጮኻል፤ ሁለታችንም ነቅተን እንሰማዋለን።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ቤት ተቀምጠሽ «አባዬ፣ መጫን፣ መሄድ፣ መገልበጥ ነው እኮ፤ ምኑ ነው ይሄን ያህል የሚያደክምህ?» ብለሽኝ ነበር። ያን ጊዜ ስቄ አለፍኩት። መምህርነቴን ትቼ መሪ የጨበጥኩት ያንቺ ኮሌጅ እንዳይቋረጥ ስለነበር ድካሙን ልነግርሽ አልፈለግሁም። አሁን ግን ጥያቄሽን እመልሳለሁ፤ መልሱን ሳታውቂ በዚያ የኃላፊነት ወንበር ላይ መቀመጥ አልነበረብሽምና።

አንቺ አዲስ አበባ ሆነሽ በስክሪንሽ የምታዪው አንድ ነጥብ ነው። ነጥቡ ሲሄድ አሻግሬ እየሠራ ነው፤ ሲቆም አሻግሬ ተኝቷል። እኔ ያለሁት ነጥቡ ውስጥ ነው። ጠዋት ሞተር አስነስቼ የፍሬኑ አየር እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ከድንጋይ ካባው ጠጠር ጭኜ ወደ ከላላ የሚወስደውን ቁልቁለት ስጀምር ተሳቢው ከኋላ ይገፋኛል። ያልነዳ ሰው መኪናው ጭነቱን የሚጎትት ይመስለዋል። ቁልቁለት ላይ የሚጎትት የለም፤ ጭነቱ ነው ሰውን የሚነዳው። በከባድ ማርሽ ይዤው እወርዳለሁ። ፍሬኑን ካበዛሁት ሸራው ይግልና ይሸታል፤ ከሸተተ በኋላ ፍሬን አለኝ ብሎ የሚመካ ሞኝ ብቻ ነው። በስተቀኝ ገደሉ ሥር የሰው ቤት ጣሪያ ይታያል፤ ግቢው ውስጥ የተሰጣው ልብስ ይታያል። ያን እያየሁ ወገቤ እንደ እንጨት ደርቆ እወርዳለሁ።

ከባዱ ግን መንዳቱ አይደለም። መገልበጡ ነው። ካሶኒው፣ የጭነቱ ሳጥን፣ ሲነሳ ያ ሁሉ ጭነት ወደ ሰማይ ይወጣል። ጠጠሩ ደረቅ ከሆነ ሸርተት ብሎ ይፈሳል። ዝናብ ከመታው ግን ካሶኒው አናት ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ከታች ሲፈስ እያየሽ ከላይ ክብደቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያን ጊዜ የአንዱ ወገን ጎማ ዋልካው ውስጥ ትንሽ ከሰመጠ፣ ማንም የሚመልሰው የለም፤ በጎኑ ይወድቃል። ከመገልበጤ በፊት ወርጄ መሬቱን በእግሬ የምረግጠው ለዚህ ነው። ግሬደሩ መጥቶ እስኪያስተካክለው የምጠብቀው ለዚህ ነው። ክፍሌ ውስጥ ፊዚክስ ተምረሻል። የክብደት ማዕከል ከፍ ሲል ምን እንደሚከተል ጠይቄሽ በትክክል መልሰሻል፤ ሙሉ ማርክ ሰጥቼሻለሁ። «በቂ ምክንያት ሳይኖርዎት» ብለሽ ስትጽፊ ግን ምክንያቱን አልጠየቅሽኝም። አንድ ጊዜ እንኳ ደውለሽ «ለምን ትቆማለህ?» አላልሽኝም።

መንገድ ሥራው ላይ በዚህ ያሾፉብኝ ነበር። ዓባይነህ የሚባል የደጎሎ ሰው አለ፤ እሱም እንደ እኔ አሽከርካሪ ነው። ከጎኔ ሲያልፍ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ልጅዎ በስክሪን እያየችዎት ነው፤ ኮፍያዎን ያስተካክሉ!» ይለኝ ነበር። ኑርጃን ትብስ ነበር። ማራገፊያው ላይ ባንዲራ ይዛ መኪና የምታሳልፍ፣ የምታስቆም ሴት ነበረች። መሬቱን ስረግጥ ታየኝና፦

«ጋሼ አሻግሬ፣ ወላሂ እንዲህ ተደርጎ መሬት የሚመረጠው ለመስጊድ ነው!»

«አንቺ ብቻ ከዚያ ራቂልኝ።»

«እርቃለሁ እንጂ! እርስዎ እስኪገለብጡማ ከላላ ገበያ ውዬ እመለሳለሁ።»

እየሳቀች ትርቅ ነበር። እስክትርቅ ካሶኒውን አላነሳም።

ያን ዕለት ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ማራገፊያው ጠርዝ ላይ ውሃ ቋጥሯል። ወርጄ ስረግጠው ጫማዬ ገባ። ንጉሡ መጣ።

«ጋሼ፣ ዛሬን እባክዎ። ከበዓሉ በፊት ይለቅ ተብሏል።»

«ግሬደሩን ጥራ።»

«ግሬደሩ ማዶ ነው ያለው። ከሰዓት በኋላ ነው የሚደርሰው።»

«እንግዲያው ከሰዓት በኋላ እገለብጣለሁ።»

«ደብዳቤውን አላነበቡትም?»

«አንብቤዋለሁ። መሬቱ ግን አላነበበውም።»

ዓባይነህ ሳቀ። ንጉሡ አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ደወለልሽ፤ የሞተሩ ጩኸት ስላስቸገረው ድምፁን ከፈተው። ሁላችንም ሰማን።

«ወይዘሪት ሄለን፣ ዝናብ አድሯል፤ ቦታው ረጥቧል። ግሬደር እንጠብቅ ወይ?»

«አሁንም አቶ አሻግሬ ናቸው?»

«አዎ። እዚሁ ቆመዋል፤ ይሰማሉ።»

ጥቂት ዝም አልሽ። በዚያ ዝምታ ውስጥ «አባዬ፣ ምን አየህ?» የምትዪ መስሎኝ ነበር። አፌንም ለመልስ አዘጋጅቼ ነበር።

«እሳቸው ካልቻሉ ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጥ። ዛሬ ማለቅ አለበት። ይገልብጥ» አልሽ።

ቁልፉን ነቅዬ ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩት። ያደረግሁት በደብዳቤሽ መሠረት ነው። ተሽከርካሪውን ለሌላ አሽከርካሪ እንደምታስረክቡ በጽሑፍ አስታውቃችሁኛል። መኪናውን ያስረከበ ሰው የት እንደሚገለበጥ የመወሰን ሥልጣን የለውም። ይህን ደጋግሜ መርምሬዋለሁ። ስህተት የለበትም። ትናንትም መርምሬዋለሁ።

ዓባይነህ ቁልፉን ሲያነሳ «ጋሼ፣ እንዴት ላድርገው?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ወደ ሠራተኞቹ ማረፊያ ድንኳን ሄድኩ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ጃኩ እያቃሰተ ካሶኒውን ሲያነሳ ሰማሁ። ጠጠር ሲፈስ የራሱ ድምፅ አለው። ያን ድምፅ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። የመጣው የሰው ጩኸት ነው።

ከመካነ ሰላም በኩል አንድ ሚኒባስ እየመጣ ነበር። ኑርጃን እንዳይጠጋ ብላ ቀዩን ባንዲራ ይዛ ተሳቢው በወደቀበት በኩል ቆማ ነበር። ሚኒባሱ ቆሟል። ተሳፋሪው ሁሉ ደኅና ነው።

ለቅሶዋን ደርሻለሁ። ባሏ ጠልሐ ከሽማግሎቹ መሀል ተነስቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። «ጋሼ፣ አብሽሩ። የአላህ ቀደር ነው» አለኝ፤ እሱ እኔን ያጽናናል! ቀጥሎም «አዲስ አበባ ያለችው ልጅዎ ደኅና ናት? ኑርጃን ‘ጋሼን የምትቆጣጠረውን ጀግና አንድ ቀን አያታለሁ’ ትል ነበር» አለኝ። ቀደር አይደለም፣ ስልክ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። «ደኅና ናት፤ አልሐምዱሊላህ» አልኩት። በሃይማኖቴ ክርስቲያን ነኝ፤ ሌላ ቃል ግን አልመጣልኝም።

አሁን ስለ ዓባይነህ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ታስሯል። ሚስቱ ልትወልድ ቀኗ ገብቷል። ድርጅታችሁ ለፖሊስ የሰጠውን መግለጫ ጠበቃው አነበበልኝ፦ «አሽከርካሪው ከማንም ትእዛዝ ሳይቀበል በራሱ ውሳኔ ጭነቱን በመገልበጡ» ይላል። ፈራሚዋ አንቺ ነሽ። ማስጠንቀቂያው አቃጥሎኝ ነበር፤ ይህኛው ግን ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው አላወቅሽም እንበል። ይህን ስትፈርሚ ግን ማን «ይገልብጥ» እንዳለ ከአንቺ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ንጉሡን ጠየቅሁት። «አላስታውስም ጋሼ፤ የዚያን ቀን ብዙ ስልክ ነበር» አለኝ። አራት ልጆች አሉት፤ አልፈረድኩበትም።

ዓባይነህን ምሳ ይዤ ሄጄ ጠየቅሁት። ቀልዱ ሁሉ ጠፍቷል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሰምተዋል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ሲጠይቁዎት ምን ሊሉ ነው?»

«የሰማሁትን።»

ፊቴን ትክ ብሎ አየና «አባት ነዎት እኮ» አለኝ። ሊሰድበኝ ይሁን ሊምረኝ እስካሁን አልገባኝም። ምሳውን ሳይነካው መለሰልኝ።

ለምስክርነት ተጠርቻለሁ። ቀጠሮው ግንቦት 25 ቀን ነው። ዳኛው «ማን አዘዘ?» ይለኛል። «በስልክ የመጣ ድምፅ» ብል «የማን?» ይለኛል። ያንን ድምፅ ከመጀመሪያው ለቅሶው ጀምሮ አውቀዋለሁ። እናትሽ ይህን ስነግራት «ለሰው ልጅ ብለህ የራስህን ልጅ በአፍህ ልታስበላ ነው?» አለችኝ። ዓባይነህም የሆነች እናት ልጅ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ ነው ዝም ያለችኝ።

ሄለን፣ እኔ ቀድሜ እንድናገረው አታድርጊኝ። «ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ መግለጫው ላይ የተጻፈው እውነት አይደለም» ብለሽ በእጅሽ ጻፊ፣ ፈርሚ፤ አንዱን ለፍርድ ቤቱ፣ አንዱን ለእኔ ላኪ። ምን እንደሚከተልሽ አውቃለሁ፤ ሕጉን አንብቤዋለሁ። ሥራሽ ይሄዳል። ከዚያም የከፋ ሊመጣ ይችላል። ስትመጪ ግን መናኸሪያው ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ ፍርድ ቤቱ በር ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ሰው ምን ይላል ብለሽ አንገትሽን አትድፊ፤ ከጎንሽ እኔ አለሁ። ከጻፍሽ ስምሽን ቀድሜ የምጠራው እኔ አልሆንም። ካልጻፍሽ እጠራዋለሁ። ሌላ መንገድ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ካገኘሽ አብረሽ ጻፊልኝ።

እግዚአብሔር ከዚህ መከራ በሰላም ያውጣሽ። ሌሊት እንቅልፍ የማይነሳ እንጀራ ይስጥሽ። ኑርጃን ለልጆቿ የተመኘችውን ዕድሜ ሁሉ ለእነሱ ይስጥልኝ። እናትሽ ሰላም ባትልሽም ሰላም እንዳለችሽ ቁጠሪው፤ ደብዳቤውን ስጽፍ ሁለት ጊዜ መጥታ መብራቱን አስተካክላልኛለች።

ስልክ አትደውዪ። በየቀኑ እንደምትደውዪ አያለሁ፤ አላነሳም። በስልክ የተባለ ነገር ይካዳል፤ እንዴት እንደሚካድ አይተናል። ደግሞም «አባዬ» ስትዪኝ ከሰማሁ ግንቦት 25 ቀን ዳኛው ፊት ምን እንደምል እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለዚህ መልስሽን በጽሑፍ፣ በእጅሽ ጽሕፈት፣ ከፊርማሽ ጋር፣ እስከ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ እጠብቃለሁ።

አባትሽ፣
አሻግሬ ዋለ